ሃያ ሊትር የምስክር ወረቀት

ትናንት ሌሊት ቧንቧ ሥር ሆኜ ሕልም አየሁ። ሌላው ሰው የሚያልመው አልጋው ላይ ነው። በእኛ ኮንዶሚኒየም ግን ውኃ የምትመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ፣ እኔ ረቡዕን የማድረው የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አስቀምጬ ነው። አንገቴ እስካሁን ወደ ግራ አልዞር ብሎኛል።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ያለሁበትን ልናገር፤ አለዚያ ሰውየው ጤናም የለው ትሉኛላችሁ። ባለቤቴ ረድኤት ሰኞ ዕለት ወንድ ልጅ ተገላገለች። የመጀመሪያችን ነው። ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ትወጣለች ተባለ። እናቷ እማማ አመለወርቅ አራሷን ሊንከባከቡ ከፍኖተ ሰላም መጥተው እኛ ቤት ካረፉ ሳምንት ሆኗቸዋል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ቤታችንን አጥንተው ጨርሰዋል። ትናንት ማታ በርሜላችንን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ባዶነቱን አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስማ ምንውየለት፤ ልጁ ቤት በገባ ዕለት ገላውን ይታጠባል። ውኃ ካለህ እሰየው። ከሌለህ ልጄንም የልጅ ልጄንም ይዤ አገሬ እገባለሁ። እኔ ጓሮ ምንጭ አለ።»

«ለምን ያህል ጊዜ እማማ?»

«ውኃ እስክታገኝ።»

እሳቸው ቀልድ አያውቁም። በእኛ ሰፈር «ውኃ እስክታገኝ» ማለት ደግሞ ልጁ ጥርስ አብቅሎ፣ ዳዴ ብሎ፣ ምናልባትም ቆሞ ሄዶ ነው የማየው ማለት ነው። ልጄን ገና ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የታቀፍኩት። ፈራሁ።

ስለዚህ በደንብ ተዘጋጀሁ። ለውኃ አጠባበቅ ሰፈራችን የታወቀ ሥርዓት አለው። ቧንቧው ተከፍቶ ያድራል፤ ከሥሩ የብረት ሳፋ ይደቀናል። ውኃዋ ስትመጣ ሳፋውን ቷ ቷ ቷ ታደርገዋለች፤ ሰው ይነቃል፤ ነቅቶ በርሜሉን ይሞላል። ከዚህ የተሻለ ደወል እስካሁን የፈለሰፈ የለም። የፍሳሹን ቀዳዳ ሽታ እንዳያወጣ በጨርቅ ደፈንኩት። ሳፋውን ደቀንኩ። በመጨረሻም ከመሥሪያ ቤቴ የተሸለምኳትን ውኃ ቆጣቢ ወንፊት በቧንቧው አፍ ላይ አጥብቄ ገጠምኳት። ትንሽ ክብ ዕቃ ናት፤ ውኃውን ከአየር ጋር እያደባለቀች በለስላሳው ታወርዳለች። ዕለቱ ትልቅ ስለሆነ ያለኝን ሁሉ ማሰለፍ ነበረብኝ።

መሥሪያ ቤቴ ጠል ሕንፃ ይባላል። ባለ አሥራ አንድ ፎቅ አረንጓዴ ሕንፃ ነው፤ እኔም የውኃ ቁጠባ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። እጅ ሲያይ ራሱን የሚከፍት ቧንቧ አለን። ሰው ከሥሩ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ ይቆይና ተስፋ ሲቆርጥ ከጎኑ ካለው ሰማያዊ በርሜል በጆግ ይቀዳል። የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር አለን፤ ገና አልተመረቀም። ከውጭ አገር የመጣ ሣርም አለን፤ እሱ በቀን ሁለቴ በቦቴ በሚመጣ ውኃ ይጠጣል፣ ፕሮግራም ስለሆነ ዝናብ እየዘነበም ይጠጣል። ሕንፃው ባለፈው ዓመት የውኃ ፍጆታውን በስድሳ ሁለት በመቶ ቀንሶ ተሸልሟል። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፍጆታው የቀነሰው ውኃው ስላልመጣ ነው። ቅጹ ላይ ግን እሱን የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም።

እንግዲህ ሳፋውን እያየሁ ዓይኔን ከደን አደረግኩ።

በቀትር ፀሐይ ጠል ሕንፃ በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። በእጄ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዣለሁ። ለልጁ መታጠቢያ ሞልቼ መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ከበሩ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቧንቧዎች ተሰልፈዋል። ወረፋውን በድንጋይ አስይዞ ጥላ ሥር የተቀመጠም ነበረ። አንዲት የዛገች የጓሮ ቧንቧ ከፊቴ ቆማ እግሯን ታፈራርቃለች።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው?» አልኳት።

«ሰው ነዋ!» አለች። «ሰው በፈረቃ ሆነ እኮ። ድሮ ጠዋት ማታ ነበር የሚመጣው። አሁን በሳምንት አንዴ። እሱም ቢመጣ ቀጭን ነው።»

«ቀጭን ስትይ?»

«እንዳንተ ያለ…» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ጮኸች። «ሰው መጣ! ኧረ ሰው መጣ!»

ሰልፉ ፈረሰ። ከየጓሮው፣ ከየማድቤቱ፣ ከየሽንት ቤቱ ቧንቧ እየሮጠ ወጣ። ባልዲ ያነሳ፣ ሳፋ ያነሳ፣ የሕፃን ፖፖ ያነሳ ሁሉ መጣብኝ። አንዱ ግራ እግሬን ባልዲ ውስጥ ከተተ። ሌላው በጆግ ከአናቴ ላይ ይቀዳኝ ጀመር።

«አትጋፉ! ለሁሉም ይደርሳል!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ሰው ድፍርስ ነው። ትንሽ ይፍሰስ!»

«ምን ይፍሰስ ትላለህ፣ ሳይሄድ ቅዳው!»

«ኧረ እኔ ውኃ ፈልጌ ነው የመጣሁት!» አልኩ በጭንቀት።

ሁሉም ዕቃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ከአፋቸው የሚወጣው አየር ብቻ ነው፤ ፍስስስ ይላል። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ከዓርብ እስከ ረቡዕ ስሰማው እኖራለሁ። እነሱ ሲስቁ እኔ ጀሪካኔን ታቅፌ በአጥሩ ሾልኬ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ «ሰው መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ከሰሌዳው ጀርባ የሰፈሬ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው አፈር ውስጥ ገብተው በረድፍ ቆመዋል። ከሥሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው አቶ ስንሻውም እዚያው ነበር። ይህ ሰው ጣሪያዬ ረጠበ እያለ ሁለት ጊዜ የሕንፃ ኮሚቴ ፊት አቁሞኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ሊከሰኝ ነው ብዬ ፊቴን ሳዞር ስሜን ጠራኝ።

«ምንውየለት፣ ወንድሜ፣ ጣሪያዬ ላይ አንዲት ጠብታ ብታወርድልኝ ምን አለበት?»

ስለ ጣሪያው እንዲህ በትሕትና ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ምን እንደምመልስለት ግራ ገብቶኝ ሳለ አንድ ሣር ከረባት አስሮ፣ ጥቂት የአበባ ማሰሮዎችን እያስጎበኘ መጣ። ያ ከውጭ የመጣው ሣራችን ነው። ዘለላው ሁሉ ተበጥሮ ነበር።

«እነዚህ አገር በቀል ሰዎች ናቸው» አለ ለማሰሮዎቹ። «ለአረንጓዴ ሕንፃ የሚመከሩት እነዚህ ናቸው። ድርቅ ይቋቋማሉ። በሳምንት አንድ ጀሪካን ይበቃቸዋል። ጨርሶ ብንከለክላቸውም አይደርቁም፤ ያማርራሉ እንጂ።»

«ማማረራቸው አይረብሽም?» አለች አንዲት ማሰሮ።

«ለምደነዋል። ነፋስ ሲነካቸው የሚያሰሙት ድምፅ ነው።»

ማሰሮዎቹ ማስታወሻ ያዙ። እኔ በረድፉ ዳር ዳር ስሄድ ከበሩ አጠገብ እማማ አመለወርቅን አየኋቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ከሁሉም ጠልቀው ተተክለዋል።

«እማማ! ማን ነው እዚህ የተከለዎት?»

«ማን ይተክለኛል? ቆሜ ስጠብቅህ ሥር ሰደድኩ እንጂ! ውኃውስ?»

«አሁን አመጣለሁ።»

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ!» ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ፍጠን። ልጁ መንገድ ላይ ነው።»

ወደ ሕንፃው ሮጥኩ። አሳንሰሩ ውስጥ ስገባ አሳንሰሩ ባለበት ቀረና ሕንፃው ቁልቁል ወረደ፤ አሥራ አንደኛ ፎቅ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። በሩ ላይ «የሣር ኃላፊ» ይላል። ከረባት ያሰረው ሣር ቀድሞኝ ወንበሩ ላይ ተነጥፏል።

«ክቡር ሣር» አልኩ ጎንበስ ብዬ፣ «አንድ ጀሪካን ውኃ ይፈቀድልኝ። ልጄ ዛሬ ቤት ይገባል።»

ቅጽ አወጣ። «ስንት ካሬ ሜትር ነው?»

«ምኑ?»

«ልጁ ነዋ። እዚህ ውኃ የሚታደለው በካሬ ነው።»

ግራ እየገባኝ አሰላሁ። «ቁመቱ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ነው ብለውኛል። ወርዱ ሃያ ቢሆን ነው።»

«እንግዲያው አንድ ካሬ እንኳ አይሞላም። አንድ ብርጭቆ ይደርሰዋል። እሱም አረንጓዴ ከሆነ ነው። አረንጓዴ ነው?»

«አይደለም። ቀላ ያለ ነው።»

ሣሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የእውነት ሐዘን አየሁ። «ቀላ ካለ ደርቋል። የደረቀ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። አትዘን፣ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ብዙ አለ።»

«ልጄን የሚነቅል ማን ነው?» ብዬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ድምፄ ተሰነጠቀ። በውኔ እንኳ እንዲህ ጮኼ አላውቅም፤ ኮሚቴ ላይ የምናገረው በቀስታ ነው።

«ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቆጣሃል?» አለ ሣሩ። «ደንቡን ያወጣኸው ራስህ ነህ።»

መሳቢያውን ከፈተና አንድ ደብዳቤ አወጣ። አወቅኩት። አምና የጻፍኩት ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ፈንታነሽ ከሣሩ ማጠጫ ጎማ አንድ ጀሪካን ቀድታ ስትወጣ ተይዛ ነበር። «ለሣሩ የተመደበ ውኃ ለሰው እንዳይውል በጥብቅ እናሳስባለን» ብዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩባት። ከሥሩ የኔ ፊርማ አለ፤ ጅራቱ ረጅም ነው። ያኔ ፈንታነሽ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ወር አልሞላትም ነበር። ውኃው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ጠረጴዛው ሥር ብገባ በወደድኩ።

ሣሩ አላሾፈብኝም፤ ባሾፈብኝ ይሻለኝ ነበር። «ለማንኛውም ኮሚቴው ይወስን» ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ገፋ አደረገኝ።

እዚያ ስብሰባ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ የታሸገ ውኃ ጠርሙሶች ተቀምጠዋል። በየፊታቸው አንዳንድ ሰው ቀርቦላቸዋል። አንዱ ጠርሙስ ፊቱ ያለውን ሰው ባርኔጣውን አዙሮ ከፈተ፤ አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረገው፤ ገፋ አደረገውና «ሌላ ሰው አምጡልኝ» አለ። አጀንዳው ሳይነበብ ጠረጴዛው ጎንጨት ተብለው በተተዉ ሰዎች ሞላ። የኔም ኮሚቴ ስብሰባ ሲያልቅ ጠረጴዛው እንዲሁ ነው የሚሆነው።

«የዛሬው አጀንዳ» አለ ሰብሳቢው፣ ባለ ሁለት ሊትሩ፣ «ሰውን እንዴት እንቆጥብ የሚል ነው።»

ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። አንዱ ሰውን በጠብታ እንጠቀም አለ። ሌላው የተጠቀምንበትን ሰው አጣርተን መልሰን እንጠቀምበት አለ። ሦስተኛው ጥናት ይጠና አለ። እኔ ጀሪካኔን ከፍ አድርጌ ይዤ ቆሜአለሁ። እጄ ዛለ። ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ ልጁ መንገድ ላይ ነው እያልኩ ለራሴ እናገራለሁ።

«አንተ፣ የያዝከው ምንድን ነው?» አለኝ ሰብሳቢው በመጨረሻ።

«ጀሪካን ነው።»

«ስንት ሊትር ይይዛል?»

«ሃያ።»

«አሁን ስንት አለበት?»

«ምንም የለበትም።»

«ምንም?» ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሣ። «ክቡራን ጠርሙሶች፣ ይህ ሰው ከሃያ ሊትር ሃያውንም ቆጥቧል! መቶ በመቶ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ኧረ እኔ አልቆጠብኩም» አልኩ፣ «ውኃው ስላልመጣ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አምና ሪፖርቱ ላይ እንዲያ ብለህ አልጻፍክም።»

የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ማስቀመጫ ስላልነበረኝ ጠቅልለው በጀሪካኑ አፍ ከተቱልኝ። ሁለተኛ ሰጡኝ፤ እሱንም ከተቱት። ለቆጣቢነት፣ ለአርአያነት፣ ለተሳትፎ፣ ለትዕግሥት እያሉ አከታተሉት። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞላ። አነሣሁት። ቀላል ነበር። አንድ ጠርሙስ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ገጠመልኝና «ለልጅህ አድርስልን» አለኝ።

እንደምንም ወደ ጣሪያው ወጣሁ። ታንከራችን እዚያ ነው። በወገቡ ዙሪያ ቀይ ሪባን ታስሯል። ከፊቱ አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ በጥበቃነት ቆሟል። ከጃንጥላው ፊት ደግሞ አንዲት ደመና፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ወገቧን ይዛ ትለምናለች።

«ጌታዬ፣ አስገባኝ። እዚሁ ልገላገል።»

«የድጋፍ ደብዳቤ አለሽ?»

«ምን ደብዳቤ ትላለህ፣ ምጤ መጥቷል እኮ!»

«ታንከሩ አልተመረቀም። ሪባኑን የሚቆርጡት የክብር እንግዳው ናቸው። ጠብቂ።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ዝናቡ ሲያባራ።»

ደመናዋ ዞራ አየችኝ። ፊቷ የረድኤት ፊት መሰለኝ። ሰኞ ሌሊት ወደ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ እጄን ይዛ ያየችኝ እንዲሁ ነበር።

«ወንድሜ፣ አንተ ዕቃ ይዘሃል» አለችኝ። «ያዝልኝ።»

«እሺ! እሺ እህቴ፣ አንዴ ቆዪኝ!»

የጀሪካኑን ክዳን ታግዬ ከፈትኩት። የምስክር ወረቀቶቹን መምዘዝ ጀመርኩ። ሁሉም በላስቲክ የተለበዱ ናቸው፤ አንዱን ስመዝ ሁለቱ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በጥርሴ ሳብኩ። ጀሪካኑን ገልብጬ አራገፍኩት። አንድ «ለተሳትፎ» ብቻ ወደቀ። ከታች እማማ አመለወርቅ ከተተከሉበት ሆነው ሲጣሩ ይሰማኛል፤ «ምንውየለት! ያዘው! ያዘው!» ይላሉ።

ከዚያ ደመናዋ አልቻለችም። ዘነበች። እንዲያ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም፤ ነጭ ነው፤ ጣሪያውን፣ ታንከሩን፣ እኔን አልብሶ ይወርዳል። ግን ምንም ድምፅ አልነበረውም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳ ጸጥ ያለ ነው።

«ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» አልኳት እያለቀስኩ።

«ቆጣቢ ሆኛለሁ» አለችኝ።

እግሬ ረጠበ። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። የሆነ ነገር ከታች ጓ ጓ ጓ አለ። ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ።

ነቃሁ።

እግሬ እውነትም ውኃ ውስጥ ነበር። ውኃዋ መጥታለች። ከዚያች ወንፊት ውስጥ ነጭና ለስላሳ ሆና ሹክ እንኳ ሳትል እየወረደች ነው። ሳፋው ሞልቶ ከፈሰሰ ቆይቷል። የፍሳሹን ቀዳዳ ስለደፈንኩት የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሞልቶ፣ መተላለፊያውን አልፎ፣ ሳሎን ገብቷል። በርሜሉ በዚያ ሁሉ ውኃ መካከል ደረቅ ሆኖ ቆሟል። ስንት ሰዓት እንደፈሰሰች እግዜር ይወቀው፤ ውጭው ነግቷል። ዘልዬ በርሜሉን ወደ ቧንቧው ሳስጠጋ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አሳለና ፍስስስ ብሎ ሳቀ። አለቀ።

እማማ አመለወርቅ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ሲመጣ አልሰማህም?»

«አልሰማሁም እማማ። ቆጣቢ ነው፤ ድምፅ የለውም።»

ውኃውን እየረገጡ መጡ። በርሜሉን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ። ተመልሰው ገቡና የረድኤትን ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ ሲያወርዱ ሰማሁ። ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጨርቅ እየነከርኩ ወደ ባልዲ መጭመቅ ጀመርኩ፤ የወጣው የአቧራና የሳሙና ጭቃ ነው። አለቀስኩ። በሕልሜ ያለቀስኩትን በውኔ ቀጠልኩት።

ያ ጓ ጓ ጓ ያለው ነገር አላቆመም። በሩ ነበር። ስከፍተው አቶ ስንሻው ከነፒጃማው ቆሟል። ጸጉሩ ረጥቧል፣ ትከሻው ረጥቧል፣ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ይኸው ሦስተኛው ክስ ብዬ ተዘጋጀሁ።

«አቶ ስንሻው፣ ይቅርታ፣ ሁሉንም አስጠግናለሁ…»

«ምን ይቅርታ ትለኛለህ!» ብሎ አቀፈኝ። በጣም ቀዝቃዛ ነበር። «እግዜር ይስጥህ እንጂ! የኔ ሳፋ ተቀዶ ተኝቼ ቀርቼ ነበር እኮ። የአንተ ውኃ በጣሪያው በኩል አፍንጫዬ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ብንን አልኩ። ብነሣ ውኃ መጥታለች! ሁለት በርሜል፣ ስድስት ጀሪካን፣ ድስት ሳይቀር ሞላሁ። ይቺ የአንተ ናት። ልጅ መወለዱን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ማርያም ማረቻት።»

ከኋላው አንድ ቢጫ ጀሪካን ጎትቶ አቀበለኝ። ተቀበልኩት። ከባድ ነበር፤ ክንዴን ወደ ታች ሳበው። እስኪ ለማንኛውም ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁ። ውኃ ነው።

እማማ አመለወርቅ ሻንጣውን በእጃቸው እንዳንጠለጠሉ ብቅ አሉ። ጣታቸውን ጀሪካኑ ውስጥ ነክረው ቀመሱ። ሻንጣውን አስቀመጡት፤ መልሰው ግን ቁም ሳጥኑ ላይ አልሰቀሉትም፣ እዚያው በሩ ሥር ተዉት።

«ለዛሬ ይሆናል» አሉ። «ለሚመጣው ሐሙስ እናያለን።»

ውኃውን ሊያሞቁ ወደ ማድቤት ገቡ። አቶ ስንሻው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ያያል። ቧንቧው ላይ ያለችውን ወንፊት በጣቱ አሳየኝ።

«ድምፅ የሌላት ይቺ ናት?»

«አዎ።»

ቀና ብሎ ጣሪያዬን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ካንተ በላይ ያለው ሰውዬ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ እንቅልፋም ነው ይሉታል።»

ተያየን። ወንፊቷን ፈታሁ፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቅኳት፣ በሽልማት ሳጥኗ ውስጥ መልሼ ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሰውየው ዓይኑን እያሸ ከፈተልኝ።

«ስጦታ ናት» አልኩት። «ውኃ ትቆጥባለች።»